የምድር ቤቱ ክረምት

ሰኔ 3

ዛሬ ማተሚያ ቤት የከተማው የጎርፍ ሥጋት ካርታ ለእርማት መጣ። የእኔ ሥራ ፊደል መልቀም ነው። "ሥጋት" በንጉሡ "ሠ" ይጻፍ ወይስ በእሳቱ "ሰ" እያልኩ ከአለቃችን ጋር ስከራከር (ሁላችንም "አራት ነጥብ" ነው የምንለው፤ እሱ ካልተናገረ ነገር አያልቅም) ዓይኔ ሰፈራችን ላይ አረፈ። የወንዙ ዳርና ዳር ጥቁር ሰማያዊ ነው። ቀጥሎ ፈዘዝ ያለ፣ ከዚያ ነጭ። ከዳቦ ቤቱ ጀምሬ መንገዱን በጣቴ ተከተልኩት። ቤታችን ጥቁሩ ውስጥ ነው። ዳር ላይ እንኳ አይደለም፣ መሀል።

ባሌ የሰው ፍሪጅ ሲጠግን ውሎ ሲገባ ነገርኩት። "ካርታ ሠሪዎቹ ቀለም ተርፏቸው ነው" አለ። አማቴ ከክፍላቸው ሆነው "ምን ተረፋቸው?" አሉ። ለማይሆነው ነገር ጆሯቸው ንቁ ነው።

"ቀለም፣ እማማ።"

"ታዲያ መጥተው ይህን ግድግዳ ይቀቡልን።"

የእሳቸው ክፍል ምድር ቤት ነው፣ ከመግቢያው በር አጠገብ። ላይ የእኛ ክፍልና የትንሹ ክፍል አለ። ትንሹ የምንለው ልጃችንን ነው፤ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ጎረምሳ ከሆነ በኋላም ስሙ አልለቀቀውም። አሁን ውጭ አገር ነው። ወይም መንገድ ላይ ነው።

ሰኔ 5

ካርታውን ሊያይ ከማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ መጣ። "በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ" የሚለውን አንብቤ፣ "ይህማ ለልጅ ልጆቻችን ነው" አልኩት።

"ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚረዳው" አለኝ። "ዕጣ ነው ብለው ያስቡት። መቶ ብጥስጣሽ ወረቀት ያለበት ቆርቆሮ አለ፣ አንዷ ላይ ጎርፍ ተጽፏል። በየዓመቱ አንድ ያወጣሉ፣ ያወጡትን መልሰው ይከታሉ። ዘንድሮ ወጣ ማለት ለከርሞ አይወጣም ማለት አይደለም።"

"እዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ለሚኖር ሰውስ?"

"ከአራት ቤት አንዱን ያገኘዋል። ያውም ዳገቱ ላይ ያሉት ሕንጻዎች ከመሠራታቸው በፊት በነበረው ስሌት። ድሮ መሬት ይጠጣው የነበረውን ውሃ አሁን አስፋልቱ ወደ ታች ይልከዋል።"

ሐረጉን ሰው በሚገባው እንቀይረው ብዬ ነበር። አራት ነጥብ "ደንበኛ የጻፈውን አትንኪ" አለ። አለቀ።

ሰኔ 8

ከፊት ለፊታችን ያለው አናጢ ወንበር እየላገ፣ "እኔ እዚህ ስወለድ፣ አባቴም እዚህ ሲወለድ፣ ውሃ ደጃፋችንን ረግጦ አያውቅም" አለኝ። ልቤ ትንሽ ረጋ። ከዚያ የዕጣው ቆርቆሮ ትዝ አለኝ።

የቤቱን የኢንሹራንስ ውል ከመሳቢያ አወጣሁ። እሳት ይሸፍናል። ሌባ ይሸፍናል። የፈነዳ ቧንቧ ይሸፍናል። ገልብጬ ሳነብ፦ ከወንዝ፣ ከዝናብ ወይም ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባ ውሃን አይሸፍንም። ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳተም። የሰው ጽሑፍ ስለቅም የምውል ሴት የራሴን ቤት ወረቀት ሳላነብ ፈርሜ ኖሬያለሁ። የእኔ ነገር የአንጥረኛ ቤት ቢላዋ ነው፤ አይቆርጥም።

ሰኔ 11

ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ትዕግሥቷ የሚገርም ነው። ጎርፍ ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ሽፋን እንዳለው፣ በየዓመቱ የሚከፈለው አረቦን እንደ ቀጠናው እንደሚለያይ አስረዳችኝ።

"ዛሬ ብፈርም ዛሬ ይጀምራል?"

"አይ። ከተፈረመ ሠላሳ ቀን ይጠበቃል። አለዚያማ ሰው ደመና አይቶ ይመጣል።"

እኔ ደመና አይቼ ነው የመጣሁት። አልነገርኳትም።

ሰኔ 16

የኢንሹራንሱ ገማች ቤቱን ሊያይ መጣ፤ ከሲታ፣ ጫማውን በር ላይ ያወለቀ ጨዋ ሰው። የመግቢያውን ደፍ በሜትር ለካ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አየ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቱቦ በባትሪ ተመለከተ። ውሃ መጀመሪያ የሚመጣው በበር ሳይሆን በዚህ በኩል፣ በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ነው አለ። ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን አስገቡለት። ዕቃውን በሙሉ አሁኑኑ ፎቶ አንሱ፤ ከጎርፍ በኋላ ሁሉም ዕቃ ጭቃ ነው የሚመስለው አለን።

የአማቴን ክፍል ሲከፍት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጸጉራቸውን ያበጥሩ ነበር። "እኔንም ትገምተኛለህ?" አሉት። "ዋጋዎን የሚችል ድርጅት የለም፣ እናቴ" አላቸው። ተደሰቱ። ወጣ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እመቤቴ፣ ቤቱን እኛ እንሸፍናለን። እሳቸውን ወደ ላይ ይውሰዷቸው። ላይ ክፍል አለ አይደል?" አለኝ።

"ደረጃው ለጉልበታቸው አይሆንም" አልኩት።

ፈረምን። ሠላሳው ቀን ተጀመረ።

ሰኔ 17

ደረጃው እውነትም ለጉልበታቸው አይሆንም። ሐኪሙም ዳገት ቁልቁለት አታብዙባቸው ብሎ ነበር። አንዴ።

ሰኔ 24

ሥራ በዝቷል። ክዳኑ ገባ። ፍሪጁ ብሎኬት ላይ ወጣ። አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች በሩ ሥር። የሁሉም ዕቃ ፎቶ ተነሳ፣ ማንኪያ ሳይቀር። ባሌ "የሠርጋችንን ቀን እንኳ ይህን ያህል ፎቶ አልተነሳንም" አለ።

የትንሹን አንሶላ ቀየርኩ። አቧራ ይይዛል።

ሐምሌ 2

ዛሬም ዘነበ፣ ትናንትም። ወንዙ ቡና ዓይነት ሆኗል፤ ድልድዩ ላይ ሰው እየቆመ ያየዋል።

ባሌ ራት ላይ፣ "ስሚ፣ እማን ወደ ላይ እናውጣት" አለ።

"ደረጃው…"

"እኔ እሸከማታለሁ። አንዴ ከወጣች መውረድ የለባትም፣ ምግቧን እኛ እናመጣለን። ክፍሉ ባዶውን ነው።"

"ባዶ አይደለም" አልኩ። "ነገ ቢመጣ የት ይተኛል?"

ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። አንዳች ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና ውሃ ጠጣበት። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ያየኝ ታማሚ ሰው እንደሚታይ ነው፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

ሐምሌ 6

የትንሹ ጓደኛ ከስደት ተመልሶ መጣ፤ አብረው የሄዱት። ከስቷል። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ቆመ፣ ግባ እስክለው አልገባም። ከዚያ "እትዬ" ብሎ አቀፈኝና ብዙ ቆየ።

"ጋሼስ?" አለ።

ባሌ ከጓሮ መጣ። ሁለቱ ተቀመጡ። ልጁ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ጀልባው ላይ እስከዚያች ሌሊት አብረን ነበርን" ብሎ ጀመረ።

ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሳሁ። ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ እስከ መጨረሻው። ድስቶቹን አጠብኩ። ታጥበው ነበር፣ ደግሜ አጠብኳቸው። ስመለስ ልጁ ሄዷል፤ ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"ልንገርሽ?" አለኝ።

"ሻዩ ቀዘቀዘ" አልኩት።

ሰው በጭንቅ ጊዜ ያየውንም ያላየውንም ያቀላቅላል። ሌሊት ነበር፣ ራሱ ነው ያለው። ትንሹን ሌላ ጀልባ አንስቶት ሊሆን ይችላል። ስልኩ ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል። ስንቱ ከዓመታት በኋላ ደውሏል።

የአማቴ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ምን እንደሰሙ አልጠየቅኳቸውም። ራት አልበሉም።

ሐምሌ 7

ሥራ ሄድኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ስሕተት አሳለፍኩ። አራት ነጥብ ምንም አልተናገረኝም፤ ባሌ ደውሎለት መሆን አለበት። ማን ደውል አለው።

ሐምሌ 12

ባሌ ማታ ማታ ከእናቱ ጋር ይቀመጣል፣ በሩን ዘግተው። ስገባ ስለ ዝናብ ያወራሉ።

ሐምሌ 17

ሠላሳው ቀን አለቀ! ከዛሬ ጀምሮ ጎርፍ ቢመጣ እንኳ ተሸፍነናል። ኬክ ገዝቼ ገባሁ። አማቴ "ምን ተገኘ?" ሲሉ "ኢንሹራንሱ ጀመረ" አልኳቸው። "እግዜር ይስጠው" ብለው ሁለት ቁራሽ በሉ።

አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነበር።

ሐምሌ 25

በሬዲዮ ከላይ ያለው ግድብ ሊከፈት ይችላል ይላሉ። የምድር ቤቱን ውድ ውድ ዕቃ ወደ ላይ አወጣን፦ ቴሌቪዥኑን፣ የልብስ ስፌት መኪናዬን፣ የዱቄቱን ጆንያ፣ ምንጣፎቹን። የት እናስቀምጠው ሲል ባሌ የትንሹን በር አየ። ቀድሜ "እኛ አልጋ ላይ" አልኩት። እኛ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተን እንተኛለን። ለጥቂት ቀን ነው።

"ዕቃው ወደ ላይ ወጣ" አለ ባሌ ደረጃው ላይ ቆሞ። እዚያው አቆመው።

ሐምሌ 28

ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ይመስላል። ግን ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ነው። ባሌ ከወንዙ ማዶ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ዝናቡን አይቼ ቀደም ብዬ ገባሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ክዳን ያዘ፣ ጠብ አላለም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ውሃው በበሩ ሥር ገባ። ጆንያዎቹን እንዳልነበሩ አደረጋቸው። ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ እንደሚገባ እንግዳ ነው የገባው።

አማቴ ተኝተው ነበር። ቀሰቀስኳቸው። እግራቸውን ከአልጋ ሲያወርዱ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ነበር፤ በሩ ጋ ስንደርስ ጉልበታችንን አልፏል። በረዶ ነው። አጥብቄ ይዣቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። "ተይኝና አንቺ ውጪ" ይላሉ። "ዝም ይበሉ" አልኳቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣኋቸው። ሳሎኑ መሀል ቆመን ቀረን። ውሃው ወገባችን ደረሰ። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም።

አናጢው በመስኮት ገባ። እሳቸውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ደረጃውን ወጣ። ላይ ሲደርስ "የትኛው ክፍል?" አለኝ። የቅርቡ የትንሹ ነው።

"የእኛ" አልኩት።

አልጋችን ላይ ያ ሁሉ ዕቃ ነበር። አናጢው ለሌሎች ጎረቤቶች ተመልሶ ሮጠ። እኔ ቴሌቪዥኑን ሳነሳ፣ ጆንያውን ስጎትት፣ አማቴ እርጥብ ልብሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር። አንዴ ብቻ ወደ ኮሪደሩ ማዶ አዩ። የተዘጋውን በር። ከዚያ ዓይናቸውን መለሱ።

ባሌ የገባው ሲመሽ ነው። ሮጦ ሽቅብ ወጣና አልጋ ላይ ሲያገኛቸው እግራቸው ሥር ወደቀ። ተርፈናል። ሁላችንም ተርፈናል።

ነሐሴ 1

ጭቃ። ጭቃ። ፎቶ፣ ከዚያ ጭቃ። ማንኛውም ነገር ከመጣሉ በፊት ፎቶ። አማቴ ትንሽ ያስላቸዋል።

ነሐሴ 5

ሳሉ ወደ ደረታቸው ወርዷል። ማር በሎሚ ሰጠኋቸው።

ነሐሴ 7

ሆስፒታል። የሳንባ ምች ነው አሉ። ሐኪሟ "ብርዱ ውስጥ ብዙ ቆይተው ነበር?" ብላ ጠየቀች። ባሌ ዞር ብሎ አየኝ።

"ትንሽ" አልኳት።

ነሐሴ 12

ዛሬ ተራው የእኔ ነበር። ኦክስጅኑን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው፣ "አንቺ ልጅ፣ ቅረቢ" አሉኝ።

"አይናገሩ፣ ይደክምዎታል።"

"ዝም ስልማ ኖርኩ። ላይኛውን ክፍል ከለከለችኝ ብዬ የተቀየምኩሽ ይመስልሻል።"

"ደረጃው ለጉልበትዎ…"

"ጉልበቴንማ አንቺ ነሽ ያመጣሽው።" ሳቁ፣ ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ ሲተዋቸው፣ "ብትሰጪኝም አልወጣም ነበር" አሉ። "እኔ እታች የተኛሁት በሩን ልሰማ ነው። ልጁ ቁልፍ አልያዘም። ሌሊት ቢያንኳኳ እናንተ ላይ ሆናችሁ አትሰሙም።"

ኦክስጅኑን ወደ አፋቸው ልመልስ ስል እጄን ያዙት።

"ጓደኛው የመጣ ቀን ሁሉንም ሰምቻለሁ" አሉ። "አንቺ ድስት ስታጥቢ። ከሰማሁም በኋላ አልጋዬን አላዛወርኩም። ጅል ነኝ?"

"አይደሉም፣ እማማ።"

"እንግዲያው አንቺም አይደለሽም።"

ጸጉራቸውን አበጠርኩላቸው። ይህን ያሉት እውነት ይሁን ለእኔ ሲሉ ይሁን አላውቅም። አማቴ ሰው ለማጽናናት ይዋሻሉ፤ ደህና አድርገው ነው የሚዋሹት።

ነሐሴ 15

ጠዋት። ባሌ እጃቸውን ይዞ። እኔ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነበር።

ነሐሴ 19

ቤታችን ሰው የሚቀመጥበት ስላልሆነ ለቅሶው በባሌ እህት ቤት ነው። ኩሽና ሰሃን ስደረድር ከጀርባ በረንዳ ድምፃቸው ይሰማል።

"ውሃ እንደሚመጣ እያወቃችሁ እንዴት እታች ተዋችኋት?" ትላለች እህቱ።

ምናለ እሷ ናት ቢል። "እኔ ነኝ" አለ ባሌ። "ማውጣት ነበረብኝ። ክፍሉማ ነበረ።"

ሰሃኖቹን ደረደርኩ። ማታ ጎን ለጎን ተኝተን ጀርባዬን አልሰጠሁትም፣ እሱም አልሰጠኝም።

ነሐሴ 27

ያው ገማች መጣ። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል "ተወው፣ ወለሉ ጭቃ ነው" አልኩት። የበፊቱንና የኋላውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ አየ። "ይህን ሥራ ከጀመርኩ እንደ እናንተ የተዘጋጀ ቤት አላየሁም" አለ። "ምንም የሚያከራክር ነገር የለም። ሙሉውን ትካሳላችሁ።" ግድግዳ፣ ወለል፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ በር፣ ቁምሳጥን። እየጠራ ጻፈ። የአማቴ ክፍል ሲደርስ ባዶውን የአልጋ ብረት አየና "እሳቸውስ?" አለ።

ነገርኩት።

ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ያንን ክፍል ሌላ ቀን እጨርሰዋለሁ ብሎ ወጣ። ደጅ ላይ አናጢው ይዞት፣ የጎርፍ ሽፋን ለእሱም ይሸጡለት እንደሆነ ሲጠይቀው ሰማሁ።

እኔ ያልተዘጋጀሁት ነገር አልነበረም። ማንኪያ ሳይቀር ፎቶ አንስቻለሁ።

መስከረም 6

ሠራተኞቹ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ከፍ አድርገው ሰቀሏቸው። ግድግዳው እስኪደርቅ ቀለም አይቀባም፤ በእጅ ሲነኩት እንደ ላም አፍንጫ እርጥብ ነው። ሲሄዱ ባሌ ደረጃው ሥር ተቀመጠ። ጎኑ ተቀመጥኩ። ፀሐይ በተከፈተው በር ትገባ ነበር።

"ያ ልጅ የነገረህን ንገረኝ" አልኩት።

"ዛሬ?" አለ።

"ዛሬ። እስከ መጨረሻው።"

ነገረኝ። ማዕበሉን ነገረኝ፤ ጀልባው መቼ እንደተገለበጠ። ዋና የማትችል አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ስትጮህ ትንሹ የራሱን መንሳፈፊያ አውልቆ እንደሰጣት። ጓደኛው እጁን ይዞት እንደነበረ። አንዴ "ለእናቴ…" ብሎ አፉ ውሃ እንደሞላ። ቀጥሎ የሚለውን ጓደኛው አልሰማም። ጠዋት መርከብ ሲያነሳቸው ሴትዮዋና ልጇ ነበሩ። እሱ አልነበረም።

አልተነሳሁም። ቧንቧም አልከፈትኩም። ባሌ ይህን ሁሉ ክረምት ያለ እኔ ተሸክሞት እንደነበረ፣ ከእናቱ ጋር በሩን ዘግተው ምን ያወሩ እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው። እጁን ያዝኩት። ከዚያ ከሁለታችን ማን መጀመሪያ እንደጮኸ አላውቅም፤ አናጢው መላጊያውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። በር ላይ ቆሞ አየን። ምን ሆናችሁ አላለም።

"ልጃችን ሞቷል" አልኩት።

በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አናጢው መላጊያውን መሬት አስቀመጠና ጎረቤት ሊጠራ ወጣ። አሁን ከመንገዱ ድምፃቸው እየቀረበ ነው፤ ባሌ ወንበር ከየት እናምጣ እያለ ይዞራል፣ ምድር ቤቱ ገና እርጥብ ነው። ወደ ላይ ወጥቼ የትንሹን በር ከፈትኩት። አልጋው ላይ አራት ሰው ይቀመጣል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ምንጣፍ ካነጠፍን ብዙ።